ስላልመጣው የቃለ መጠይቅ ጥሪ
(በማኅበራችን የወላጆችና የወጣቶች ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው አሜሪካ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ማመልከት ነው። እኛ ከጸባ ወጥተን በዚህ ዓመት ያመለከትን አራት ልጆች ነን። እዚህ አገር ያለውን መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ባግሩት፣ ፕሲኮሜትሪ፣ ነጥቡ ከደረሰ ገባህ፣ ካልደረሰ ደግመህ ትፈተናለህ። እንደ ሕክምና ያለ ትምህርት ካልሆነ በቀር ጠርቶ «እስቲ ስለ ራስህ ንገረኝ» የሚልህ እምብዛም ነው። የአሜሪካኖቹ ግን ይለያል። ከውጤት ሌላ የመምህራን ደብዳቤና ድርሰት ይጠይቃሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ እዚያው ተምሮ የተመረቀ ሰው እንዲያነጋግርህ ያደርጋሉ። የቀድሞ ተማሪዎች ቃለ መጠይቅ የሚባለው ይሄ ነው።

ከአራታችን አንዷ ተጠራች። ሦስታችን እስከ ዛሬ አልተጠራንም። ማመልከቻው የተላከው በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ምን አለፋችሁ፣ በቀን አሥር ጊዜ ኢሜይል መክፈት፣ የስፓም ሳጥን መበርበር፣ የተጠራችውን «መቼ ደረሰሽ? በስንት ሰዓት?» እያሉ ማድረቅ ነው። ደስ ሊላት ሲገባ እንደ ጥፋተኛ አንገቷን ደፋች። ቤት ስንገባም ጥያቄው አለ። «ልጄ፣ ደወሉ?» «አልደወሉም።» «እንግዲያማ አልፈለጉህም።»

ይህን በማለታችሁ አንቀየምም፤ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። ብዙዎቻችሁ ጎንደርና አዲስ አበባ ላይ ዓመታት ጠብቃችኋል። ስም ሲጠራ ቆማችሁ አዳምጣችኋል። እዚያ ስሙ ያልተጠራ ሰው ቀረ ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ይሄኛው ጥሪ ግን እንደዚያ አይደለም።

ጠያቂው የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ አይደለም። ምናልባት ቴል አቪቭ የሚኖር መሐንዲስ ወይም ጠበቃ ነው፤ በትርፍ ጊዜው ያለ ክፍያ ያግዛል። አብዛኛውን ጊዜ ፋይልህን አያሳዩትም። ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ያህል ያነጋግርህና አጭር ሪፖርት ይጽፋል። በአካባቢው ፈቃደኛ ሰው ከሌለ፣ ካለም ሥራ ከበዛበት፣ ጥሪ የለም። ሃርቫርድም ኤምአይቲም በዚህ ምክንያት ቃለ መጠይቅ ያላገኘ ሰው እንደማይጎዳ በግልጽ ይናገራሉ። ኮሎምቢያ እንዲያውም ጭራሹን ትቶታል። ብራውንም ትቶት በምትኩ አመልካቹ ራሱ ቀርጾ የሚልከውን አጭር ቪዲዮ ይቀበላል፤ በእኛ አስተያየት ይሄ ይሻላል፣ ቢያንስ በር የሚከፈተው የተመረቀ ጎረቤት ላለው ብቻ አይሆንም።

ሁሉም አንድ ነው ብለን ግን አንዋሻችሁም። ዬል ጠያቂዎቹ ስለማይበቁ፣ ተጨማሪ ነገር ማወቅ ለሚፈልግባቸው አመልካቾች ቅድሚያ ይሰጣል። በሌላ በኩል መጠራትም መግባት አይደለም። ሃርቫርድ ከ45 ሺህ ከሚበልጡ አመልካቾች የሚቀበለው 2 ሺህ ያህሉን ነው። ተጠርተው፣ ጥሩ ተናግረው፣ ሳይገቡ የሚቀሩ ብዙ ናቸው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እያወቅን ለምን ተጨነቅን? እርስ በርስ ስንነጋገር ያገኘነው ይሄን ነው። ወረቀቱ እኛን የሚናገር አልመሰለንም። ሰው ፊታችንን አይቶ፣ ድምፃችንን ሰምቶ ቢያነጋግረን፣ በሰባት ዓመታችን ኩፓት ሖሊም ውስጥ ለእናታችን ስናስተረጉም እንዳደግን፣ የባንክ ደብዳቤ የሚያነበው ልጅ እንደነበር ይገባዋል ብለን ተስፋ አደረግን። ጥሪው ሲቀር የቀረብን ይሄ መሰለን።

ግን ለዚህ ቦታ አለው፤ ድርሰቱ ነው። ኮመን አፕ በሚባለው ማመልከቻ ዋናው ድርሰት እስከ 650 ቃል ነው። ከመካከላችን አንዱ ስለዚያ ማስተርጎም ጽፎ፣ ከመላኩ በፊት ለእናቱ በአማርኛ ነገራት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችና «ያን ቀን ሐኪሙ ያለውን ሁሉ አልነገርከኝም። አውቄ ነበር» አለችው። ልጁ እናቱን ላለማስደንገጥ ብሎ የዘለለውን ነገር እሷ ከሐኪሙ ፊት አንብባው ኖሯል። ድርሰቱን እንደገና ጻፈው። የትኛውም ጠያቂ በግማሽ ሰዓት ይህን አያወጣውም ነበር።

የተጠራችውም ብትሆን ቀላል አልሆነላትም። በእኛ ቤት ራሱን የሚያወድስ ልጅ ይገሠጻል እኮ! «የምትኮሪበት ሥራሽ ምንድን ነው?» ስትባል ስለ ጓዶቿና ስለ አዛዧ ተናገረች። ሴትየዋ በትዕግሥት ሰምታ «አንቺስ ምን ሠራሽ?» ብላ ደግማ ጠየቀቻት። እናንት ታናናሾቻችን፣ ለቃለ መጠይቅ ስትዘጋጁ ከሁሉ በፊት ይህን ተለማመዱ። የሠሩትን እንደሠሩ መናገር ጉራ አይደለም።

ስለ ገንዘብ የጠየቃችሁን አላችሁ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤምአይቲ የውጭ አገር ተማሪንም ቢሆን መክፈል አይችልም ብለው አይጥሉም፤ ለተቀበሉት ልጅ የቤተሰቡን አቅም አይተው የጎደለውን ይሞላሉ። ብዙዎቹ ሌሎች ግን እንዲህ አይደሉም፣ አንድ በአንድ ማጣራት ያስፈልጋል። ቃለ መጠይቁ በነጻ ነው፤ በዙም ወይም ሰው በሚበዛበት ቦታ ይደረጋል። «ጠያቂ ነኝ» ብሎ ብር ወይም የባንክ ቁጥር የሚፈልግ ካለ አታላይ ነው፤ ስልኩን ዝጉት።

መልሱ የሚመጣው በማርች መጨረሻ ነው። እስከዚያ ሁለታችን ለፕሲኮሜትሪ ተመዝግበናል፣ የዚህ አገሩንም በር አልዘጋንም። እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ እስከዚያ ድረስ «ደወሉ?» የምትሉትን ብትተዉልን ደስ ይለናል። «ምን ብለህ ጻፍክላቸው? እስቲ ንገረኝ» በሉን። ድርሰቶቻችንን በአማርኛ ይዘን መጥተናል፤ መስማት የምትፈልጉ ሻይ ሲቀርብ በዚያኛው ጠረጴዛ ታገኙናላችሁ።