በተዘጋ የቤንዚን ማደያ ፊት ለፊት

(በፎቶግራፍ ክበባችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ዐሥራ አንድ ፎቶግራፎች ተሰቅለዋል። ዐሥራ አንዱም የሚያሳዩት አንድ የተዘጋ የቤንዚን ማደያ ነው። ትናንት ስንሰቅላቸው አንድ ጓደኛችን ቆሞ ከተመለከተ በኋላ፥ «ላሊበላና ጎንደር ባሉበት አገር ዝገት ማንሣት ምን ይሉታል?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ዛሬ እዚህ የቆምነውም እንደ ዐቅማችን መልስ ለመስጠት ነው። ይኽ ንግግር በማኅበራችን ጋዜጣ ሲወጣ ሥዕሎቹ አብረውት አይወጡም፤ ማባዣው ፊደሉን እንኳ የሚያወጣው በመከራ ነውና። ስለዚህ አዳራሹን ላላዩት አንባቢዎቻችን ጭምር በቃል ለማሳየት እንሞክራለን።

ማደያው የሚገኘው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአቃቂ፥ በዱከምና በቢሾፍቱ በኩል ወደ ሞጆ በሚወስደው በአሮጌው መንገድ ዳር ነው። ስሙንም ባለቤቱንም አንጠራም፤ የሄድነው ሰው ለመክሰስ አልነበረም። የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ፥ የሚቸኩለውና የሚከፍለው ሁሉ በዚያ በኩል ማለፍ ጀምሯል። ይሁን እንጂ አሮጌው መንገድ አልሞተም። አይሱዙው፥ ባጃጁ፥ የፈረስ ጋሪው፥ የሠርግ አውቶቡሱ ሁሉ ይመላለስበታል። ሰው በማያልፍበት መንገድ ላይ ማደያ ቢዘጋ አያስደንቅም፤ መኪና በሚርመሰመስበት መንገድ ዳር ተዘግቶ ሲገኝ ግን ያስቆማል። እኛንም ያስቆመን ይኸው ነው። አገራችን የምታቃጥለው ቤንዚንና ናፍጣ የሚመጣው በጅቡቲ ወደብ ነው፤ በቆየንባቸው ሦስት ሰዓቶች ውስጥም ነዳጅ የጫኑ ቦቴዎች ከባዶዎቹ ፓምፖች ዐሥር እርምጃ በማይርቅ ቦታ ላይ እያጓሩ ሲያልፉ ተመልክተናል። ሦስተኛው ሥዕል ያን ያሳያል።

ጊዜው ሐምሌ፥ ሰዓቱ ከጧቱ ዐሥራ ሁለት ተኩል ነበር። ከአቃቂ ጀምሮ ካፊያው አልለቀቀንም፤ ሰማዩም የምድጃ አመድ ይመስል ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያለው ቀን ለፎቶግራፍ አይሆንም ይላል። ለሠርግ አይሆን ይሆናል። ለእንዲህ ያለ ቤት ግን ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ፀሐይ በበረታበት ቀን የማደያው ሰፊ ጣራ ከሥሩ ድቅድቅ ጥላ ይጥላል፤ ውጭው ነጭ፥ ውስጡ ጥቁር ይሆንና ካሜራ ሁለቱን ባንድ ጊዜ መያዝ ይሳነዋል። ደመና በሸፈነው ቀን ግን ሰማዩ በሙሉ እንደ አንድ ትልቅ ፋኖስ ሆኖ ከሁሉም ወገን በእኩል ያበራል። የዝገቱ ዓይነት፥ የተላጠው ቀለም፥ ከቀዩ ሥር ብቅ ያለው የቀድሞው ቢጫ፥ ዝናቡ ያረጠበው ሲሚንቶ፥ ሁሉም ይለያል።

እንዲህም ሆኖ ልዩነቱ ፈጽሞ አልጠፋም። የካሜራውን የብርሃን ስሜት 400 ላይ አድርገን ስንለካ፥ በ8 የሌንስ መክፈቻ ለውጭው የሴኮንድ 1/60 ሲበቃው፥ ከጣራው ሥር ላለው ፓምፕ 1/8 አስፈለገው። ማለት ከጣራው ሥር የነበረው ብርሃን ከውጭው አንድ ስምንተኛ ብቻ ነበር። በ1/8 ሴኮንድ ደግሞ የማንም እጅ ረግቶ አይቆምም፤ ለአምስታችን የነበረን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ አንድ ስለ ነበረ፥ የተቀረነው ካሜራውን ባዶ በርሜል ላይ አስቀምጠን አነሣን። ሌላም ነገር አለ። የካሜራ መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል፤ የሥዕሉን ግማሽ ነጭ ሰማይ ከያዘው፥ ሰማዩን ግራጫ አደርጋለሁ ብሎ ፓምፑን ያጨልመዋል። ስለዚህ መለኪያው ከሚለው አብልጦ ብርሃን መስጠት ያስፈልጋል። አዲስ አባሎቻችን ይህችን ብትይዙልን ለክረምቱ ትጠቅማችኋለች።

አራተኛውንና አምስተኛውን ሥዕል ጎን ለጎን የሰቀልነው ሆን ብለን ነው። አራተኛው በካሜራ፥ አምስተኛው በእጅ ስልክ የተነሣ ነው፤ ቦታውና ደቂቃው አንድ ነው። ስልኩ ባንድ ንክኪ ብዙ ሥዕል አንሥቶ ራሱ ያዋሕዳል፤ ጨለማውን ያነሣል፥ ነጩን ይገታል። ውጤቱ የሚያምር ነው። ስልኩ ዋሽቷል አንልም፤ ነገር ግን በአምስተኛው ሥዕል ላይ የምታዩት ብርሃን ያን ጧት እዚያ ያልነበረ ብርሃን ነው፤ የክፍለ አገር ማደያ ሳይሆን ለምርቃት የተዘጋጀ ይመስላል። ከመካከላችን አምስተኛውን የሚመርጡ አሉ፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አላለቀም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ገና ከመኪና እንደ ወረድን፥ ጋቢ የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው ከቢሮው ወጡ።

«ልጆች፥ ምን ፈለጋችሁ?»

«ጋሼ፥ ፎቶግራፍ ልናነሣ ነበር፤ ይፈቅዱልናል?»

«ምኑን?»

«ማደያውን።»

ጥቂት ዝም አሉና፥ «ይኽ ቤት ቀንና ሌሊት ሲሠራ አንድ ሰው ካሜራ ይዞ አልመጣም፤ ዛሬ ለሬሳው መጣችሁ?» አሉን።

መልስ አልነበረንም። ከመካከላችን አንዷ ግን፥ «ጋሼ፥ ሲሠራስ እርስዎ እዚህ ነበሩ?» ስትላቸው ፊታቸው ተለወጠ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቤንዚን ቀድተዋል። ከተዘጋ በኋላ ዘበኛ ሆነው ቀሩ። «በሉ ግቡ፤ ግን ሲጋራ የሚያጤስ ካለ እዚያው መንገዱ ላይ ይቁም» ብለው ራሳቸው ያስጎበኙን ጀመር። በግድግዳው ላይ ላቫጆ፥ ግራሶ፥ ጎሚስታ የሚሉት ጽሕፈቶች ደብዝዘው ይታያሉ። ከጋራዥ ሠራተኛ አፍ የማይጠፉት እነዚህ ቃላት ጣልያንኛ ናቸው፤ እሳቸው ግን የአባታቸው ቋንቋ እንደ ሆኑ አድርገው ነው የሚናገሯቸው። ደግሞስ ማን ይከለክላቸዋል?

የጣልያን ነገር ከተነሣ፥ የማደያ ሕንፃ እንደ ቅርስ ሊታይ መቻሉን የሚጠራጠር ሰው አሥመራን ያስብ። በዚያ ጁዜፔ ፔታዚ የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1938 ያሠራው ፊያት ታልየሮ የተባለው ማደያ፥ ሊነሣ የተዘጋጀ አውሮፕላን መስሎ ሁለት የሲሚንቶ ክንፎቹን ያለ አንዳች ምሰሶ ዘርግቶ ቆሟል። መሐንዲሱ ሠራተኛውን በሽጉጥ አስፈራርቶ የእንጨት ድጋፎቹን አስነቀለ እየተባለ የሚነገረው ተረት ሳይሆን አይቀርም፤ ክንፎቹ አለመውደቃቸው ግን ተረት አይደለም። አሥመራ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስትገባ ይኽም ማደያ ከሚጠሩት ሕንፃዎቿ አንዱ ነበር። የእኛው ማደያ ክንፍ የለውም። አራት የብረት ምሰሶና አንድ ቆርቆሮ ጣራ ነው፤ ማንም ቅርስ አይለውም።

ስድስተኛው ሥዕል የፓምፑ ፊት ነው። መስተዋቱ ተሰንጥቋል፤ ከውስጡ ያሉት የቁጥር መንኰራኵሮች በመጨረሻው ሽያጭ ላይ እንደ ቆሙ ቀርተዋል፤ ሦስት ሊትር ተኩል ይላሉ። ሦስት ሊትር ተኩል የሚገዛ ማን ነው? ጋሼ፥ «ባጃጅ ነዋ፤ ወይም በጀሪካን የሚወስድ» አሉን። ማን እንደ ነበረ ግን አላስታወሱም። የመጨረሻው ገዥ መሆኑን ያን ጊዜ ያወቀ ሰው የለማ።

ከዚያ በኋላ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። ጋሼ ወደ ቢሮው ገብተው ጋቢውን ጥለው የድሮ ቱታቸውን ለብሰው ወጡ፤ በሁለተኛው ፓምፕ አጠገብ ቆመውም የመቅጃውን አፍ ያዙና «አንሡኝ» አሉን። ከእኛ መካከል አንዱ ወዲያው በጆሯችን፥ «ይኽማ ቲያትር ነው፤ የተተወ ማደያ ላይ ሰው ካቆምን ሥዕሉ ይበላሻል» አለ። ነገሩ መነሻ ያለው ነው። ኤድ ሩሼ የተባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ፥ ከኦክላሆማ ሲቲ እስከ ሎስ አንጀለስ ባለው መንገድ ላይ ሃያ ስድስት የቤንዚን ማደያዎችን አንሥቶ እ.ኤ.አ. በ1963 በ400 ቅጂ አሳተመ። ከየሥዕሉ ሥር የማደያውን ስምና ቦታውን ብቻ ጻፈ፤ ሰው የሚባል እምብዛም አይታይበትም። የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን አልቀበልም ብሎ ሲመልስለት፥ ሰውየው ተቀባይነት ማጣቱን ራሱን በመጽሔት ማስታወቂያ አድርጎ አወጣው። ዛሬ ያችን ትንሽ መጽሐፍ ሰብሳቢዎች ይሻሙባታል። ያ ዝነኛ መንገድ፥ 66 ቁጥር የሚባለው፥ አዳዲስ አውራ ጐዳናዎች ተክተውት እ.ኤ.አ. በ1985 ከመንግሥት መዝገብ ተሰረዘ፤ በዳሩ የነበሩ ማደያዎችም ብዙዎቹ ባዶ ቀሩ። ስለዚህ ጓደኛችን የሩሼን መንገድ ቢመርጥ አይፈረድበትም።

እኛ ግን በብዛት ድምፅ ጋሼን አነሣን። ምክንያታችንም ይኽ ነው፤ የተተወ የምንለው ቤት የተተወው በነዳጁ እንጂ በሰው አልነበረም። ከጣራው ሥር ዝናብ የሚጠለሉ ተማሪዎች ነበሩ፤ ሁለት በጎችም ነበሩ፤ አንዲት እናት በጎሚስታው ክፍል ደጃፍ ሻይ ያፈሉ ነበር። እነዚህን ሁሉ ከሌንሱ ገፍቶ አውጥቶ ባዶ ቤት ማሳየት፥ እንደ ስልኩ ብርሃን፥ ያልነበረ ነገር መጨመር ይመስለናል። ጋሼም ተዋናይ አልሆኑም። ዓይናቸው ወደ ካሜራው አልነበረም፤ ወደ መንገዱ ነበር፥ የሚመጣ መኪና እንደሚጠብቅ ሠራተኛ። በዚህ መካከል አንድ አይሱዙ ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ዳር ወጣ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፥ «አባባ፥ ናፍጣ ገባ እንዴ?» ሲል ጮኸ።

«የለም ወንድሜ» አሉት ጋሼ፤ የመቅጃውንም አፍ ወደ ቦታው መለሱ።

የሾፌሩ ፊት በስምንተኛው ሥዕል ላይ አለ። ነዳጅ ፍለጋ ሌሊት ተሰልፎ ያደረ ሰው ያን ፊት ያውቀዋል፤ ከዚህ በላይ አናብራራውም።

ዘጠነኛው ሥዕል ከሁሉም የማያምረው ነው፤ አንዳንድ ጓደኞቻችንም እንዲወርድ ጠይቀዋል። የሚያሳየው ሦስት የብረት ክዳኖችና ወደ ላይ የቆሙ የመተንፈሻ ቧንቧዎችን ነው። ከክዳኖቹ ሥር የነዳጅ ማጠራቀሚያ ታንከሮች ተቀብረዋል። ባዶ ናቸው ተብሎ መረገጥ የለባቸውም፤ ቤንዚን ከሞላበት ታንከር ይልቅ እንፋሎቱ ብቻ የቀረበት ለመፈንዳት የቀለለ ነው፤ እንፋሎቱም ከአየር ስለሚከብድ በጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። የጋሼ የሲጋራ ክልከላ የሽማግሌ ቁጣ አልነበረም። ከማደያው በስተ ታች ስድሳ እርምጃ ያህል ርቆ ሰፈሩ የሚቀዳበት የውኃ ጉድጓድ አለ። ጋሼ፥ «በክረምት ቦዩ ላይ ቀስተ ደመና ይንሳፈፋል» ብለውናል። ያ ዘይት ከመንገዱ ታጥቦ የወረደ ሊሆን ይችላል፤ ከታንከሮቹም ሊሆን ይችላል፤ በፎቶግራፍ አይለይም። የሚለየው በላቦራቶሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው የቤንዚን፥ ማለት በኬሚስትሪ ቤንዚን የሚባለው ንጥረ ነገር፥ መጠን በአንድ ሊትር ከ10 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ነው። የዚያን ጉድጓድ ውኃ በሁለት ጠርሙስ ቀድተን አምጥተናል። እዚህ የተገኙት የኬሚስትሪ መምህሮቻችን ቢመለከቱልን፥ ወይም እንዴት እንደሚቀዳ አስተምረው መልሰው ቢልኩን፥ በታላቅ ደስታ እንሄዳለን። ሥዕሉን ያላወረድነው ለዚህ ነው።

ይኽ ነገር የአንድ ማደያ ብቻ ሆኖ እንዳይታይ ይሁን። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ውሳኔው ይበጃል አይበጅም የሚለውን ለኤኮኖሚክስ ክፍል ክርክር እንተወዋለን፤ የምንጠይቀው፥ ማደያ ሲዘጋ ከሥሩ የተቀበረውን ማን ያወጣዋል? የሚለውን ነው። ስሙማ እንደ ሆነ አይጠፋም። በከተማችን ታክሲ ረዳት «ቶታል፥ ቶታል!» እያለ ሲጣራ፥ ወይም «ሦስት ቁጥር ማዞሪያ» ሲል፥ ከተሳፋሪው ስንቱ ስለ ቤንዚን ያስባል? ሰፈር ሆኗል። አሰብ ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራው የነዳጅ ማጣሪያ ከተዘጋ እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፤ የድሮ ሾፌሮች ግን ስለ ነዳጅ ሲያወሩ አሁንም አሰብን ያነሣሉ።

ሥዕሎቹ እስከ ዓርብ ማታ ድረስ ተሰቅለው ይቆያሉ። በሰባተኛውና በስምንተኛው መካከል ባዶ ምስማር የምታዩት ተረስቶ አይደለም፤ በዚያ የነበረው ጋሼ በቱታቸው የቆሙበት ሥዕል ነበረ። በትልቁ አሳትመን ባለፈው ቅዳሜ በሞጆ አውቶቡስ ልከንላቸዋል፤ ሾፌሩም በእጃቸው እንዳደረሰ ነግሮናል። የፎቶግራፍ ወረቀት ሲገኝ ሌላ አትመን እንሰቅላለን። ጥያቄ ያለው አሁን መጠየቅ ይችላል፤ ውኃው ያለባቸው ጠርሙሶች በበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ሥር ናቸውና እባካችሁ ስትወጡ እግራችሁ እንዳይመታቸው።