ከመጋዘን የወጣ የሞዴል ባቡር ሞተር

አቅራቢ 1፦ ቦልደር ሲቲ የኔቫዳ ግዛት የባቡር ሙዚየም ያለባት የበረሃ ከተማ ናት፤ ሐዲዷ እ.ኤ.አ. በ1931 ለሁቨር ግድብ ግንባታ የተዘረጋ ነው። የሞዴል ባቡር ሞተር በእንዲህ ያለ የበረሃ ሙቀት ለዓመታት ሲቀመጥ ግራሶው ይደርቃል፤ ማርሹም ይጣበቃል።

አቅራቢ 2፦ ጥገናው የሚጀምረው ግን ሽቦውን በማየት ነው፤ ልባሱ የተሰነጠቀው ይቀየራል። ማርሹ በእጅ ቀስ ተብሎ ይሞከራል፤ እምቢ ካለ አይገፋም። የደረቀው ግራሶ በአልኮል ይጸዳል።

አቅራቢ 1፦ ቀጥሎ የሞተሩ ካርቦን ይታያል፤ ካለቀ ይለወጣል። ካርቦኑ የሚነካው መዳብ እስኪያበራ ይወለወላል። ለዘንጉ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃዋል፤ ትርፉ ካርቦኑን ያበላሻል።

አቅራቢ 2፦ አልኮሉ ተንኖ ሲያልቅ በዝቅተኛ ቮልት ይሞከራል። ሞተሩ እያጉረመረመ ካልዞረ ወዲያው ይጥፋ፤ አለዚያ ጥቅልሉ ይቃጠላል።