ስማችን፣ ፓስፖርታችንና የሰው አገር መዝገብ

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ አንድ የሄሮን ነጋዴ ያደረጉት ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው «አንተም አንድ ነገር ተናገር» ሲለኝ ደንግጬ ነበር። እኔ ሄሮን ውስጥ ሱቅ ከፍቼ የምኖር ነጋዴ ነኝ፤ ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ነገር ግን በልቤ የቆየ አንድ ጉዳይ አለና እሱን ልንገራችሁ። ጉዳዩ ስለ ስማችን ነው።

ብዙዎቻችሁ ለቅሶ ደርሳችሁኛልና ታውቁታላችሁ። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ሲያርፍ ልጁ በሰው አገር ነበር። አባቱን ሊቀብር በዚያው ሌሊት ትኬት ቆርጦ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰ። ሻንጣው ከተመዘነ በኋላ ሠራተኛዋ ኮምፒዩተሩን አየች፣ ስልክ ደወለች፣ «ትንሽ ቆይ» አለችው። ትንሹ አራት ሰዓት ሆነ። በመጨረሻ የነገሩት ስሙ ከአንድ ከሚፈለግ ሰው ስም ጋር መመሳሰሉን ብቻ ነው። የሚፈለገው ማን ነው? ምን አደረገ? መልስ የለም። አውሮፕላኑ ጥሎት ሄደ። በማግስቱ «መሄድ ትችላለህ» አሉት፤ ይቅርታ ያለው ግን የለም። አዲስ አበባ የገባው ለሰልስቱ ነው። አባቱን አፈር ሳያለብስ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ስጠይቅና ሳነብ ቆየሁ። በአሜሪካ እንዳይበሩ የተከለከሉ ሰዎች ዝርዝር የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2001 ጥቃት በፊት በዝርዝሩ የነበሩት ስሞች ሃያ አይሞሉም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሺህ ሆኑ። ስም ሲበዛ ስህተትም በዛ። በ2004 ኤድዋርድ ኬኔዲ፣ የፕሬዚዳንቱ ወንድምና የረጅም ዘመን ሴናተር፣ ስማቸው ከሌላ ስም ጋር በመመሳሰሉ በተደጋጋሚ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መቆማቸውን ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ኮሚቴ ተናግረዋል። ነገሩን ለማስተካከል ሚኒስትር ድረስ ስልክ መደወልና ሳምንታት መጠበቅ አስፈልጓቸዋል። ኬኔዲ ሚኒስትር የሚደውሉበት ስልክ ነበራቸው። የወንድሜ ልጅ ለማን ይደውል?

ወገኖቼ፣ እኛን ነገሩ የሚያጠብቅብን በስማችን አወጣጥ ምክንያት ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ ስም፣ የአባት፣ የአያት ነው። ኮምፒዩተሩ ግን የመጨረሻውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስደዋል፤ ስለዚህ በአያታችን ስም እንጠራለን። አባትና ልጅ፣ ባልና ሚስት በወረቀት ላይ ባዕድ ይሆናሉ፤ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ደግሞ ወንድማማች ይመስላሉ። በዚህ ላይ ፊደላችን ወደ ላቲን ሲገለበጥ አንድ ወጥ አጻጻፍ የለውም። «ገብረ» የሚለውን እንግሊዝኛ የተማረው በጂ እና በኢ ይጽፈዋል፤ እዚህ ጅቡቲ በፈረንሳይኛ የሚጽፈው መሐል ላይ ዩ ያስገባበታል፤ ጣሊያንኛ የለመደው ኤች ይጨምርበታል። «ች»ን አንዱ በሁለት ፊደል፣ ሌላው በሦስት ይጽፋታል። እንግዲህ አንድ ሰው በፓስፖርቱ አንድ፣ በመኖሪያ ፈቃዱ ሌላ፣ በትኬቱ ሦስተኛ ሰው ሆኖ ይገኛል። የልደት ቀንም አለ። የዘመን አቆጣጠራችን ከነሱ በሰባትና በስምንት ዓመት ስለሚለይ፣ ሲገለበጥ በተሳሳተ ቁጥር አንድ ሰው በወረቀት ሁለት ዕድሜ ይኖረዋል።

ይህ የትኬት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2016 ሱዳን፣ ካርቱም ውስጥ መድኃኔ የሚባል ኤርትራዊ ወጣት ተያዘ። ታዋቂ የሰው አሻጋሪ ነው ተብሎ ለጣሊያን ተላልፎ ተሰጠ። የሚፈለገው ሰውም መድኃኔ ይባል ነበር። ወጣቱ «እኔ ያ ሰው አይደለሁም» እያለ ሦስት ዓመት ታስሮ ከቆየ በኋላ፣ በሐምሌ 2019 የፓሌርሞ ፍርድ ቤት በስህተት የተያዘ ሌላ ሰው መሆኑን ወስኖ ለቀቀው። ስንቶቻችን ቤት መድኃኔ አለ?

አሁን ወደ አገር ሉዓላዊነት ልምጣ። በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የዓለም አቪዬሽን ስምምነት ገና በመጀመሪያው አንቀጹ እያንዳንዱ አገር ከግዛቱ በላይ ባለው አየር ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ይናገራል። በዚያ ጉባኤ ላይ ኢትዮጵያም ተገኝታ ነበር። አሜሪካ ማን በሯን እንደሚገባ የመወሰን መብት አላት፤ እኔም ሱቄን የምከፍተውና የምዘጋው እኔ ነኝ። ነገር ግን ዛሬ ወደ አሜሪካ የሚበር ማንኛውም አየር መንገድ የመንገደኞቹን ስም፣ የልደት ቀንና ጾታ አስቀድሞ ይልካል። «አይሳፈርም» የሚለው መልስ የሚደርሰው አዲስ አበባ፣ ቦሌ ነው። ኢትዮጵያዊ፣ በኢትዮጵያ ምድር፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ፊት ቆሞ ባላየው መዝገብ ይመለሳል ማለት ነው። የራሷ የአሜሪካ ዜጎችም ተቸግረውበታል። ኤርትራ የተወለደው አሜሪካዊ ዮናስ ፍቅሬ በ2010 ሱዳን ሳለ በዝርዝሩ መግባቱን ሰማ፤ በ2016 ስሙ ወጣ። ለምን እንደገባና ለምን እንደወጣ በግልጽ የነገረው የለም። ክሱ ይቀጥል ዘንድ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ ድምፅ የፈቀደለት በ2024 ነው።

አንዳንዱ «ታዲያ አሸባሪ ዝም ብሎ ይሳፈር?» ይለኛል። አይሳፈር! እኔም ልጆቼም በዚያው አውሮፕላን ነው የምንሄደው። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ በሱቄ ምሳሌ ልናገር። የዱቤ መዝገብ አለኝ። ሰሎሞን የሚባሉ ሦስት ደንበኞች አሉኝ። አንድ ጊዜ የአንዱን ዕዳ በሌላው ላይ ጻፍኩ። ሰውየው መጥቶ «እስቲ መዝገቡን አሳየኝ» አለኝ፤ አሳየሁት፤ ስህተቴን አየሁ፤ ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ስህተት የሌለበት መዝገብ የለም። ደንበኛው እንዳያየው የተዘጋ መዝገብ ግን ስህተቱን አርሞ አያውቅም።

መዝገብ እውነትን ሁልጊዜ አይዝም። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 አገራችን መጥተው ኮልፌ ሲሠለጥኑ የራሳቸው መንግሥት ወንጀለኛ ይላቸው ነበር። ኢትዮጵያ ግን ዴቪድ ሞትሳማይ በሚል ስም የራሷን ፓስፖርት ሰጠቻቸው። አሜሪካ ማንዴላንና ድርጅታቸውን ከጥርጣሬ መዝገቧ ያወጣችው በ2008 ነው፤ ፕሬዚዳንት ከሆኑ ከ14 ዓመት በኋላ! ያን ጊዜ አገራችን የሰው መዝገብ አልተከተለችም፤ ራሷ አይታ ፈረደች። ሉዓላዊነት እኔ እንደሚገባኝ ባንዲራ ብቻ አይደለም፤ ዜጋው ሲበደል «ይህ የኔ ሰው ነው፤ ማስረጃችሁን አሳዩኝ» የሚል መንግሥት ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በእጃችን ካለው እንጀምር። ትኬት ስትቆርጡ ስማችሁ በፓስፖርታችሁ እንዳለ ፊደል በፊደል፣ ከነአያት ስሙ ይጻፍ። ልጅ ስትወልዱ የልደት ወረቀቱም የመኖሪያ ፈቃዱም በአንድ አጻጻፍ ይውጣ። በተደጋጋሚ በስም ምክንያት የምትቆሙ ከሆነ፣ የአሜሪካ መንግሥት ከ2007 ጀምሮ አቤቱታ ተቀብሎ የሚሰጠው ቁጥር አለ፤ ትኬት ሲቆረጥ ያስገቡታል። ማኅበራችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ፦ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ የሚያውቁ ልጆቻችን በሳምንት አንድ ቀን ተቀምጠው የሽማግሌዎቻችንንና የሠራተኛ እህቶቻችንን ወረቀት ያስተያዩላቸው፤ ለተጉላላ ወገንም ለኤምባሲያችን ደብዳቤ ይጻፉለት። ጠረጴዛውንና ወንበሩን እኔ እችላለሁ።

የወንድሜ ልጅ በሰልስቱ ማግስት መቃብሩ ላይ ቆሞ ያለኝን ልንገራችሁና ልጨርስ። «አጎቴ፣ የከለከሉኝ በአባቴ ስም ነው» አለኝ። ስማችን ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። ልጆቻችን በሱ እንዳያፍሩና እንዳይፈሩ እናድርግ።

ማኅበራችንን ያጽናልን፤ አገራችን ኢትዮጵያንና ያስተናገደችንን ጅቡቲን እግዚአብሔር ይባርክ።