የእጅ ባትሪ የሚሞተው ከጅራቱ ነው፦ ማብሪያን ስለ መለየትና ስለ መተካት

የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ በመጠን ከአውራ ጣት ጫፍ አይበልጥም። ለወታደርና ለፖሊስ ታስቦ የተሠራው፣ በሞያሌ ግን የከብት ጠባቂውም፣ ዘበኛውም፣ የጭነት መኪና ሹፌሩም የሚይዘው ጠንካራ የእጅ ባትሪ በጅራቱ ላይ ስላለው ማብሪያ እናገራለሁ።

ሞያሌ ድንበር ለሁለት የከፈላት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ያልፍባታል፤ የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያም በ2013 ዓ.ም. ተመርቆባታል። ዕቃው ይመጣል፤ መመሪያውና መለዋወጫው ግን አብሮት አይመጣም። ስለዚህ እዚህ የሚጠግን ሰው ዕቃን በስሙ ሳይሆን በጠባዩና በልኩ ማወቅ ይኖርበታል። የንግግሬም ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ መጠገን የሚጀምረው ከመለየት ነው።

መብራቱ እምቢ ሲል «ተቃጥሏል» ብለን እንጥለዋለን። ነገር ግን ብርሃን ሰጪው ዳዮድ ሙቀቱ በአግባቡ ከተወገደለት በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዓታት ሊያገለግል ይችላል። ማብሪያው ግን በተነካ ቁጥር የሚንቀሳቀስ ክፍል ነው። የሚሸፍነው ጎማ በፀሐይ ይሰነጠቃል፤ አቧራና ላብ ይገባበታል። በውድ የተገዛው ዕቃ በርካሹ ክፍል ምክንያት ይጣላል ማለት ነው።

እንግዲህ በቅደም ተከተል እንመርምር። መጀመሪያ ባትሪ ድንጋዩን እንለካ፤ 18650 የሚባለው፣ 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው የተለመደው የሊቲየም ድንጋይ ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ያህል ያሳያል። ቀጥሎ የቱቦውን ጠርዝና የብሎን ጥርሶቹን በንጹሕ ጨርቅ እንጥረግ። ከዚያ የጅራቱን ክዳን ፈትተን፣ የድንጋዩን አሉታዊ ጫፍ ከቱቦው ያልተቀባ ጠርዝ ጋር በአጭር ሽቦ እናገናኝ። ከበራ ጭንቅላቱ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ በክዳኑ ውስጥ አለ። ካልበራ ግን ማብሪያውን መቀየር ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

ተቃራኒ ምልክትም አለ፤ መብራቱ አልጠፋም ይላል። ብዙዎች ማብሪያውን ይወቅሳሉ። የድንጋዩ የፕላስቲክ ልባስ ተቀዶ ከሆነ ግን አሉታዊው ገላው ቱቦውን ነክቶ ማብሪያውን ያልፈዋል። መድኃኒቱ አዲስ ማብሪያ ሳይሆን አዲስ ልባስ ነው፤ ገላው ከተጎዳ ደግሞ ድንጋዩን ማስወገድ ይገባል።

ማብሪያ እየሠራም ሊታመም ይችላል። በመነካኪያው ላይ 0.1 ኦም ተቃውሞ ቢፈጠርና 3 አምፔር ቢያልፍበት፣ 0.3 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ 0.9 ዋት የሚያህል ሙቀትም በጠባቡ ክዳን ውስጥ ይታመቃል። ብርሃኑ የደበዘዘበትና ጅራቱ የሞቀበት ሰው ሕመሙን በእጁ መዳፍ አንብቦታል።

ወደ መለየቱ እንለፍ። የመጀመሪያው ጥያቄ ማብሪያው ሜካኒካዊ ነው ወይስ ኤሌክትሮኒካዊ የሚለው ነው። ሜካኒካዊው የመብራቱን ሙሉ ኮረንቲ ራሱ ይሸከማል፤ አብዛኛውን ጊዜም ቀጭ ብሎ በቦታው ይቆያል። ኤሌክትሮኒካዊው ምልክት ብቻ ለውስጥ ሰሌዳው ይልካል፤ ጣት ሲነሣም ይመለሳል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ሁለተኛው ጥያቄ መቼ ያበራል የሚለው ነው። አንደኛው ዓይነት በግማሽ ሲጫኑት ያበራል፣ ሲለቁት ያጠፋል፣ እስከ መጨረሻው ሲጫኑት ይቆልፋል። ሁለተኛው ተጭነው ከለቀቁት በኋላ ብቻ ያበራል፤ በርቶ ሳለ በግማሽ ሲጫኑት ኮረንቲውን ለቅጽበት ያቋርጣል፤ ብዙ የብርሃን ደረጃ ያላቸው መብራቶችም በዚህች ቅጽበት ደረጃ ይቀይራሉ። ለቅጽበት ማብራት የቆየ ልማድ ነው፤ ዴቪድ ሚሴል በ1899 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ባገኘበት ዘመን የነበሩት ድንጋዮችና አምፖሎች ለረጅም ጊዜ ያለማቋረጥ ማብራት አይችሉም ነበር።

ሦስተኛው ልክ ነው። የማብሪያውን ጎንና ቁመት፣ የክቡን ሰሌዳ ስፋት፣ የእግሮቹን አቀማመጥ፣ የአዝራሩን ከፍታ በካሊፐር እንለካ። የሚሸከመውም አምፔር ከመብራቱ ፍላጎት ማነስ የለበትም።

መተካቱ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። በክዳኑ ውስጥ ሁለት ጎድጓዳ ነጥቦች ያሉት ቀለበት አለ፤ በቀጭን ፒንሳ ወይም በጠንካራ ወረንጦ ጫፍ ይፈታል። ሞላውን፣ ሰሌዳውንና ጎማውን በወጡበት ተራ እንደርድራቸው። አሮጌውን ማብሪያ በካውያ አላቅቀን አዲሱን እንበይድ፤ ካውያው ከቆየ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ቀለበቱ ኮረንቲ ስለሚያስተላልፍ በደንብ መጥበቅ አለበት። ሳንገጥመው በፊት በቴስተር እንፈትሽ፤ በርቶ ወደ ዜሮ የሚጠጋ ኦም፣ ጠፍቶ ፍጹም መቋረጥ ማሳየት ይኖርበታል።

አንድ ተማሪዬ በክፍል ውስጥ «መምህር፣ አዲሱ ርካሽ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» ሲል ሞግቶኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በማጣበቂያ የታሸገውን መብራት ለመጠገን መድከም አያዋጣ ይሆናል። ሆኖም ዋጋን የምንለካው ሱቅ ደጃፍ ቆመን ብቻ ነው? ሌሊት ጅብ በረቱን ሲዞር ወይም በጨለማ ቤት ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት ስትረዳ፣ ሱቁ ዝግ ነው፤ ከተማውም ሩቅ ነው። ያን ጊዜ የመብራቱ ዋጋ በርቶ መገኘቱ ነው። የተጣለው የሊቲየም ድንጋይም ከቆሻሻ ክምር ውስጥ እሳት ሊያስነሣ እንደሚችል አንርሳ።

ስለዚህ ለባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የኦምን ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንዳስተማርን አንቁም፤ በፈተና ጠረጴዛ ላይ የማይበራ የእጅ ባትሪ እናስቀምጥ። ተማሪው መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ጥፋቱ የት እንዳለ በጽሑፍ ያስረዳ፤ ነጥቡንም ለምክንያቱ እንስጥ። ለተማሪዎችም እላለሁ፦ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ቀጥላችሁ ለኩ፣ በመጨረሻ ፍቱ።