ስሟ የተቀነሰባት የፊደል ነዳፊ

(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛ የሂሳብ ክፍሎች መድረክ ላይ የምንወጣው ስለ መዋጮና ስለ ደረሰኝ ለመናገር ነው። ዛሬ ስለ ፊደል እንናገራለን፤ ዞሮ ዞሮ ወደ መዝገባችን መመለሳችን ግን አይቀርም።

ኤልዛቤት ፍሪድላንደር በ1903 እ.ኤ.አ. በርሊን ተወለደች። የጽሕፈት ጥበብ ተምራ በአንድ የሴቶች መጽሔት ርዕሶችን በእጇ ትጽፍ ነበር። ሥራዋን ያየው የፍራንክፈርቱ ባወር የተባለ የማተሚያ ፊደል አምራች፣ አዲስ የፊደል ቅርጽ እንድትነድፍለት ጠየቃት። ያን ጊዜ የማተሚያ ፊደል ከብረት የሚወጣ የወንዶች ሙያ ነበር፤ ከእሷ በፊት የሠሩት ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ሥራው ዓመታት ፈጀ። በመካከሉ ናዚዎች ሥልጣን ያዙ፣ ኤልዛቤትም አይሁዳዊት ስለሆነች በሙያዋ እንዳትሠራ ተከለከለች። ፊደሉ በቤተሰቧ ስም ሊጠራ ሲገባው፣ «ፍሪድላንደር» ማንነቷን ያሳብቃል ተብሎ «ኤልዛቤት» ብቻ ተባለ። በእኛ አገር ቢሆን የተረፈላት ዋናው ስሟ ነው እንል ነበር። ለእነሱ ግን መሰረዝ ነው።

ወደ ጣሊያን ሄደች፤ እዚያም በ1938 ፀረ አይሁድ ሕግ ወጣ። በ1939 ለንደን የገባችው በቤት ሠራተኛ ቪዛ ነበር፣ የሥራዎቿን ማኅደርና የእናቷን ቫዮሊን ይዛ። ከቤይሩትና ከጅዳ የተመለሳችሁ እህቶች ይህን ሻንጣ ታውቁታላችሁ፤ ዲፕሎማው ከሥር፣ ሽርጡ ከላይ።

በጦርነቱ ጊዜ የብሪታንያ መንግሥት በድብቅ የፕሮፓጋንዳ ክፍሉ አሠራት። የናዚን ማኅተም አስመስላ ትሠራ ነበር! ማኅተም ያዦች ነንና ይህን ስናነብ ከት ብለን ሳቅን። በኋላ ለፔንግዊን መጻሕፍት የሽፋን ጌጥ ነደፈች፤ በሳንድኸርስት የጦር አካዳሚ የሙታንን የክብር መዝገብ በእጇ ጻፈች። በ1984 አየርላንድ ውስጥ አረፈች።

አሁን ወደ መዝገባችን። በድሮው መዝገብ ብዙ እናቶች «የአቶ እገሌ ባለቤት» ተብለው ነው የተጻፉት። አንዲት እናታችን ባለቤታቸው ሲያርፉ የገዛ ቁጠባቸውን ለማውጣት ሦስት ወር ተመላልሰዋል፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ከመስከረም ጀምሮ እያንዳንዷን በራሷና በአባቷ ስም እንደገና እየጻፍን ነው። የአሥራ አንድ እናቶች ስም ገና ስላልተሟላ፣ ቡናው እስኪፈላ ወደ ጠረጴዛችን ብቅ በሉ። መታወቂያችሁን አትርሱ።