ለለቅሶ እድር አለን፤ ለአራስስ?

(በቀድሞ ተማሪዎች ማህበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሥራሽ አንድ ነገር አካፍዪን» ሲሉኝ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር ብናገር ይቀለኝ ነበር። ለእድሜያችንም የሚስማማው እሱ ነው። ግን ዓመታት ሙሉ ውሎዬ ጉለሌ ነው። እዚያ በየሳምንቱ የሚገጥመኝን ትቼ ስለ ሌላ ባወራ እናንተን መሸንገል ይሆንብኛል። ስለዚህ የማወራው ሳይታሰብ ስለሚመጣ እርግዝና ነው።

እኛ በ1997 ዓ.ም. ነው የተመረቅነው። ትምህርት ስንጀምር የሚሠራበት የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበር። የእናትየዋ ሕይወት ወይም ጤና ከባድ አደጋ ላይ ካልወደቀ በስተቀር ጽንስ ማቋረጥን አይፈቅድም። ኢንተርን ሆነን ተረኛ ያደርንባቸውን ሌሊቶች የባቼ ልጆች አትረሷቸውም። በትኩሳት የሚነድዱ፣ ደማቸው ያለቀ ልጆች ይመጡ ነበር። ምን እንደሆኑ ስንጠይቃቸው «ወድቄ ነው» ይሉናል። እኛም እንዳልወደቁ እያወቅን «ወድቃ ነው» ብለን ካርዱ ላይ እንጽፋለን።

በተመረቅንበት ዓመት፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ፣ አዲሱ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። አንቀጽ 551 የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ዘረዘረ፦ እርግዝናው በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ከሆነ፣ የእናት ወይም የልጅ ሕይወት ወይም የእናት ጤና አደጋ ላይ ከወደቀ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለበት፣ እናትየዋ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት ወይም በእድሜዋ ማነስ ምክንያት ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ካልሆነች። ተደፍሬ ነው ላለች ሴት ቃሏ ይበቃል፤ ሌላ ማስረጃ አምጪ አትባልም። በ1998 ደግሞ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የአሠራር መመሪያውን አወጣ።

ለውጡ ትንሽ አልነበረም። በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረጉ ጥናቶች ግምት መሠረት በ2000 ገደማ ከሚቋረጡ እርግዝናዎች በጤና ተቋም በሕጋዊ መንገድ የሚከናወኑት ከመቶ 27 ያህሉ ነበሩ። በ2006 ይህ ቁጥር 53 ደረሰ። «ወድቄ ነው» የሚሉኝ ልጆች በጣም ቀንሰዋል። ይህን ያየ ሐኪም ወደ ድሮው እንመለስ አይልም፤ እኔም አልልም።

ታዲያ ምንድን ነው የጎደለው? ስለ አንዲት ልጅ ልንገራችሁ። የት ተቋም እንደነበርኩ ይቅር፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

የቤት ሠራተኛ ነበረች፣ ሀያ ዓመቷ። ከገጠር መጥታ አዲሱ ገበያ ስትወርድ ደላላ ነው ተቀብሎ ያስገባት። ጓደኛዋ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ እርግዝናውን ስትነግረው ስልኩን ዘጋ። መደፈር የለም፣ ሕመም የለም፣ እድሜዋ ሞልቷል። ድህነት ደግሞ በአንቀጽ 550 ቅጣት ያቀልላል እንጂ ብቻውን የሚያስፈቅድ ምክንያት አይደለም። እኔም «ምን አሰብሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ዶክተርዬ፣ ብወልደው ደስ ይለኛል» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። እኔም ደስ አለኝ። የእርግዝና ክትትል ካርድ አወጣሁላት፣ የብረት እንክብል ሰጠኋት፣ «በርቺ» ብዬ ሸኘኋት። ምክር ተሰጥቷታል፣ እርግዝናውን ትቀጥላለች ብዬ ጻፍኩ። ወረፋው ረጅም ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በቃሬዛ ተመለሰች። ሰፈር ውስጥ አንዲት ሴት ዘንድ ሄዳ ነበር። በሕይወት ተረፈች፤ ማህፀኗ ግን መውጣት ነበረበት። ስትነቃ አጠገቧ ተቀምጬ «ልውለደው ብለሽኝ አልነበር?» አልኳት። «ልውለደው ብልማ የት ሄጄ? እትዬ ሆዴን ካዩ ያባርሩኛል» አለችኝ።

እኔ ምን ትፈልጊያለሽ ብዬ ጠይቄያታለሁ። የት ታድሪያለሽ ብዬ አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ወዲህ ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ ማንንም አላሰናበትኩም። መልሱ ግን ከሐኪም አቅም በላይ ነው። እስቲ እናስበው፦ በጤና ጣቢያ ክትትሉም ወሊዱም ክትባቱም በነፃ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንዲት ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች። የቤት ሠራተኛ ግን አዋጁ ውስጥ የለችም። ለእሷ ሥራዋም፣ መኝታዋም፣ ምግቧም አንድ በር ናቸው፤ ሲዘጋ አንድ ላይ ነው የሚዘጋው። ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች እንደ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበር ያሉ መጠለያዎች አሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። ጥቃት ሳይደርስባት እንዲሁ አርግዛ ሜዳ ላይ ለቀረች ልጅ ግን ወዴት ብዬ ሪፈር እንደምጽፍ ግራ ይገባኛል።

እኛ እኮ ሰው የማናውቅበት ሕዝብ አይደለንም። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን ይዞ ከተፍ ይላል፤ ማን ነው፣ እንዴት ሞተ ብሎ አይመረምርም። ስትወልድስ? ባል ላላት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን ገንፎ ተሸክመን እንሄዳለን። ባል ለሌላት ግን «ማን ነው አባቱ?» ነው የምንለው። ልጅቱ ጽንሱን ብታቋርጥ እንወቅሳታለን፣ ብትወልድም እንወቅሳታለን። ወልዳ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጥላው ብትሄድ ደግሞ ፖሊስ እንጠራለን።

ከአምስት የባቼ ልጆች ጋር ሆነን ትንሽ ነገር ጀምረናል። ስም የለውም፤ እኛ «የአራስ እድር» እንለዋለን። በየወሩ እንደ እቁብ እናዋጣለን። ሽሮ ሜዳ አንድ ባለሸማ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይተናል። ሆዷ ገፍቶ ከሥራ ከምትወጣበት ቀን ጀምሮ ልጇ አራት ወር እስኪሞላው ታርፍበታለች። የግቢው እናት ገንፎውንም አጥሚቱንም ያውቁበታል፤ ከእኛ ገንዘብ ይልቅ የሳቸው «አይዞሽ ልጄ» ነው የሚሠራው።

እስካሁን ዘጠኝ ሴቶች አልፈውበታል። ሁሉም ተሳካ አልላችሁም። ስድስቱ ልጃቸውን ይዘው ሥራ ላይ ናቸው። ሁለቱ ወላጆቻቸው ዘንድ ገቡ፤ አንደኛዋን አባቷ የተቀበሏት ልጁን ካዩ በኋላ ነው። አንዷ አንድ ሌሊት ልጇን ይዛ ወጣች፤ ስልኳ አይሠራም፣ አሁንም አስባታለሁ። ክፍሉ እንዳለ ነግሬያቸው «አይ፣ አልችልም» ያሉኝም አሉ። ሕጉ የሚፈቅድላቸው ከሆነ አገልግሎቱን አገኙ፤ አልተከራከርኳቸውም። ክፍሉ የተከራየው ማንንም ለማስገደድ አይደለም። «ልውለደው» የምትል ልጅ እውነት መውለድ እንድትችል ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ክፍሉ አንድ ነው፤ ወረፋ የያዙት አሁን ሦስት ናቸው።

የሕግ ምሩቃን፦ አባትነትን ማረጋገጥና ቀለብ ማስቆረጥ የቤተሰብ ሕጉ የሚፈቅደው መብት ነው፤ እነዚህ ልጆች ግን የፍርድ ቤቱን በር አያውቁትም። በወር አንድ ከሰዓት ስጡን። ድርጅት ያላችሁ፦ ከነልጇ የምትቀጠር አንዲት ሴት ውሰዱ። የሶሻል ወርክ መምህራን፦ ተማሪዎቻችሁን ለተግባር ልምምድ ላኩልን። የቤት ሠራተኛ ያለን ሁላችን ደግሞ፣ እኔም ጭምር፣ ልጅቱ አርግዛ ብናገኛት ምን እንደምናደርግ ዛሬውኑ ቤታችን ገብተን እንነጋገር። የመጀመሪያው መጠለያ የኛው ቤት ነው።

ለመምህሮቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ በየዶርሙ ያሉት ልጆቻችንስ? በኛ ጊዜ አንዲት ጎበዝ ተማሪ ፈተና ሳትቀመጥ ጠፋች። አርግዛ እንደነበር ቆይተን ሰማን፤ «ወይኔ» ብለን ወደ ጥናታችን ተመለስን። ዛሬ አንዲት ተማሪ አርግዣለሁ ብላ ቢሯችሁ ብትመጣ ዊዝድሮዋል ሞልታ በሚቀጥለው ዓመት እንደምትመለስ፣ እስከዚያ የት እንደምታድር የሚነግራት ሰው አላት? ከሌላት ይህ ማህበር አንድ ሰው ይመድብ። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግ አያስፈልግም።

መዝገቡ በሩ ላይ፣ የባቻችን ልጅ እጅ ላይ ነው። ገንዘብ የሌለው ጊዜውን፣ ጊዜ የሌለው ገንዘቡን ይጻፍ። እራት ሳይቀርብ ብትጽፉልኝ ይሻላል፤ ከበላን በኋላ ጨዋታው ያስረሳናል።