ጽዋና ስንቅ፦ የሴቶች ማኅበርና የወታደር ቤተሰብ በምዕራብ ጎጃም

ለወታደርና ለቤተሰቡ የሚሰጠውን ክርስቲያናዊ አገልግሎት በምዕራብ ጎጃም በአብዛኛው የተሸከመው የሴቶች ጽዋ ማኅበር ነው። በብዙ ሌሎች አገሮች ይህን ሥራ የሚይዘው በሠራዊቱ ደመወዝ የሚያድር ቄስና በካምፑ ውስጥ የተሠራ ጸሎት ቤት ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በጅጋ፣ በማንኩሳና በደምበጫ ዙሪያ ባሉ አጥቢያዎች ግን ለዘመተ ልጅ የሚጸልየው፣ ስንቅ የሚቋጥረው፣ መርዶ ሲመጣ ቀድሞ ደጃፍ ላይ የሚገኘው በወር አንድ ቀን በእመቤታችን፣ በቅዱስ ሚካኤል ወይም በሌላ ቅዱስ ስም የሚሰበሰበው የእናቶች ማኅበር ነው። ማኅበሩ ራሱን የወታደር ማኅበር ብሎ አይጠራም። አባላቱ የገበሬ፣ የነጋዴ፣ የመምህርና የወታደር ሚስቶችና እናቶች ናቸው፤ የወታደሩ ጉዳይ የሚገባው ከሌላው የኑሮ ጉዳይ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ጥንካሬውም ድክመቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

አካባቢው ከጦር ጋር ያለው ትውውቅ የቆየ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ ሠራዊት ሲወጣና ሲወርድ የኖረበት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው ወደ ጎጃም መሐል ሲያመሩ የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቅቆ የወጣው በዚያው ዓመት የካቲት ማለቂያ ላይ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሱ። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስያሜ ያገኘችው ከዚሁ ጉዞ ጋር ተያይዞ ነው። ከዚያ በኋላም በብር ወንዝ ሸለቆ የተቋቋመው የብርሸለቆ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ከመላው አገሪቱ የሚመጡ ምልምሎችን ወደ አካባቢው ሲያስገባ ኖሯል። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ወታደር የሩቅ ሰው አይደለም። በገበያ ይታያል፣ ቤት ይከራያል፣ ያገባል፣ ልጁን ክርስትና ያስነሣል።

የሴቶቹ አገልግሎት መነሻ ከቋሚ ጦር ይቀድማል። የጥንቱ ዘመቻ ሴት ያልተለየው ነበር። ሠራዊቱ ሲንቀሳቀስ የሚፈጩት፣ የሚጋግሩት፣ ውኃ የሚቀዱትና ቁስለኛ የሚያነሡት ሴቶች አብረው ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ታቦቱም በድንኳን ሆኖ ካህናቱ አጅበውት ይሄድ ነበር። ሰፈሩ በአጭሩ የሚጓዝ አጥቢያ ነበር ማለት ይቻላል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ አቡነ ማቴዎስ ከሠራዊቱ ጋር ነበሩ፤ እቴጌ ጣይቱም በጥቁር ጥላ ሥር በእግራቸው ሆነው ሲጸልዩና ወታደሩን ሲያበረታቱ፣ ሴቶቹም በእንስራ ውኃ ለተጠማና ለቆሰለ ሲያድሉ መዋላቸውን የዘመኑ ታሪክ መዝግቦታል። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦርም በዚያው ሜዳ ተሰልፎ ነበርና፣ ይህ ወግ ለጎጃም ሴቶች የሰሙት ሳይሆን የሠሩት ነው።

በጣሊያን ወረራ ዋዜማ በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የተመሠረተው የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ልዕልት ፀሐይ ጭምር እየተሳተፉበት ለዘማቹ የቁስል መጠቅለያ ፋሻ ሲያዘጋጅ ነበር። አገሩ ከተያዘ በኋላ ደግሞ እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ የውስጥ አርበኞች መሣሪያና መረጃ አቀበሉ፤ ከበደች ስዩም ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ ከተገደሉ በኋላ ራሳቸው ጦር መሩ። በጎጃምም እነ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህና በላይ ዘለቀ ያሰለፉት አርበኛ ሌላ ግምጃ ቤት አልነበረውም፤ ያደረው በገጠር ሴቶች መሶብ ነው። ስማቸው የተጻፈላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ያልተጻፈላቸውን ሳያስቡ የአርበኝነት ዘመንን መተረክ ግን ጎደሎ ነው።

ከነጻነት በኋላ ዘመናዊው ጦር ሲደራጅ ሴቷ ከሰፈሩ ወጣች። ወታደሩ በካምፕ፣ እናቱ በቀዬዋ፣ ሚስቱም አንዳንዴ እዚያ አንዳንዴ እዚህ ሆኑ። የጽዋ ማኅበሩ ዛሬ የሚሠራው ሥራ ቅርጹን ያገኘው ከዚህ መለያየት ነው።

ማኅበሩ የሚሰበሰበው በየተራ ነው። አባላቱ 12 ከሆኑ እያንዳንዷ በዓመት አንድ ጊዜ ትደግሳለች። ተረኛዋ ጠላ ትጠምቃለች፣ ቆሎ ትቆላለች፣ ድፎ ዳቦውን በኮባ ጠቅልላ ትጋግራለች። በዕለቱ የንስሐ አባት ይመጣሉ፤ ጸሎት ይደረሳል፣ ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፣ ጠበል ጸዲቁ ይታደላል። ጽዋው በንጹሕ ጨርቅ እንደተሸፈነ መሐል ይቀመጣል። ከዚያ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ ያልመጡትን ያጣራል። የታመመች ካለች ድርሻዋ ይላክላታል፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረች ትቀጣለች። መጨረሻ ላይ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን ትረከባለች፤ በእልልታም እስከ ቤቷ ትሸኛለች።

ለወታደር እናት የዚህ ሥርዓት ዋጋ የሚታየው ከጠበል ጸዲቁ በኋላ ባለው ሰዓት ነው። ወሬ የሚጠየቀው ያኔ ነው፤ ደብዳቤ ወይም ስልክ መጥቶ እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደሰነበተ፣ ለፋሲካ ፈቃድ ያገኝ እንደሆነ። ወሬ የጠፋባት ብዙ አትናገርም፤ ሌሎቹም አያስጨንቋትም። የንስሐ አባትም ለዘመቱት ሲጸልዩ የሚጠሩት የክርስትና ስማቸውን ነው። ወታደሩ በክፍሉ የሚታወቀው በመዝገብ ስሙ፣ ምናልባትም ጓደኞቹ ባወጡለት ቅጽል ነው። ወልደ ሚካኤል ይሁን ኃይለ ማርያም የምታውቀው እናቱ ናት፤ ከእናቱ ቀጥሎም ክርስትናው ላይ የነበሩት የማኅበሩ ሴቶች። እናት ብትሞት እንኳ ስሙ ከማኅበሩ አይጠፋም። በሩቅ ጦር ሜዳ ለወደቀ ሰው ፍትሐት የሚደርሰው በዚህ ስም ስለሆነ፣ የሴቶቹ ትውስታ የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ የሚያህል ሥራ ይሠራል።

የስንቁ ሥራ ደግሞ በእጅ የሚሠራ ጸሎት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገብሱ ታምሶና ተፈጭቶ በሶ ይሆናል፤ ከጨውና ከበርበሬ ጋር በውኃ የሚበጠበጥ፣ እሳት የማይጠይቅ ምግብ ነው። እንጀራው ደርቆ ድርቆሽ፣ ሊጡ ተቆራርጦ ዳቦ ቆሎ ይሆናል። የቡሬና የጃቢ ጠህናን ወረዳ በርበሬ የታወቀ ስለሆነ ከዚህ ቤት የሚወጣ ስንቅ ያለ ድልህ ወይም ያለ ደረቅ ሽሮ አይታሰርም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወቅት በአማራ ክልል ከተሞችና ገጠሮች ሴቶች ይህንኑ በብዛት አዘጋጅተው ልከዋል። ሙያው ከማኅበርና ከድግስ የተወረሰ ነበርና ማንም ሊያሠለጥናቸው አላስፈለገም።

ከሁሉ የከበደው አገልግሎት መርዶ ነው። መርዶ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ገና ሳይነጋ ነው፤ ነጋሪዎቹ የንስሐ አባትና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ናቸው። የማኅበሩ ሴቶች ግን ቀድመው ያውቃሉ። ማታውኑ ምክንያት ፈጥረው እናትየዋ እህል እንድትቀምስ ያደርጋሉ፣ ሕፃናት ካሉ ወደ ጎረቤት ይወስዳሉ፣ ውኃ ቀድተው ያቆያሉ። ጩኸቱ ሲሰማ ሁሉም ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ይገባሉ። አስከሬን የሌለበት ለቅሶ የተለየ ጭካኔ አለው፤ የሚቀበር የለም፣ ስለዚህም የሚያልቅ አይመስልም። በዚህ ጊዜ የሟቹ ልብስና ፎቶግራፍ ይወጣል፤ በቀድሞው ዘመን ጋሻውና ጠመንጃው ይወጣ ነበር፤ አልቃሽም ሙሾዋን የምታወርደው ያንን እያየች ነው። ንፍሮው ከየቤቱ ይመጣል፤ የለቅሶው ቤት እሳት አያነድም። ሰባቱ፣ አርባውና ሰማንያው ይከተላሉ። የሞተበት ዕለት ካልታወቀ ቀኑ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ከመርዶው ነው። ባል የሞተባት ደሀ ሴት ተዝካር ለማውጣት ስትል በሬዋን እንዳትሸጥ እህሉንና ጌሾውን ተካፍሎ የሚያወጣ ማኅበር ከድግስ ይልቅ ምጽዋትን የሚያስቀድም ማኅበር ነው፤ አርአያነቱም ሊነገርለት ይገባል።

ከመርዶው በፊት ባሉት የጭንቀት ዓመታት ደግሞ ስለት አለ። እናት ልጄ በደህና ከተመለሰ ብላ ለታቦቱ ጃንጥላ፣ መጋረጃ ወይም ጧፍ ትሳላለች፤ የጽጌን ጾም ከመስከረም 26 ጀምራ በፈቃዷ የምትጾምም አለች። ሲመለስ ስለቱን የምታስገባው ብቻዋን አይደለም፤ ማኅበሩ አብሯት ደጀ ሰላም ይደርሳል። ልጁ ባይመለስ ግን ስለቱን የተወችው እናት ጥፋተኝነት እንዳይሰማት የሚያጽናናት ያስፈልጋታል፤ ይህን የሚችሉት በአብዛኛው ያው ነገር የደረሰባቸው እናቶች ናቸው።

በደርግ ዘመን መንግሥት ይህን የሴቶች ጉልበት በራሱ መዋቅር ሊይዘው ሞከረ። በ1972 ዓ.ም. የተመሠረተው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር፣ አኢሴማ፣ ሴቶችን እስከ ቀበሌ ድረስ አደራጅቶ ለግንባር ስንቅ ያሰበስብ ነበር፤ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ደግሞ ልጅ የመስጠቱ ሸክም በየገጠሩ ደጃፍ ደረሰ። አኢሴማ ከሥርዓቱ ጋር በ1983 ዓ.ም. አበቃ። የጽዋ ማኅበሩ ቀጠለ፤ የተበተነው የቀድሞ ሠራዊት ባዶ እጁን ወደየቀዬው ሲመለስም ከተቀባዮቹ አንዱ እንዲህ ያለው ኅብረት ነበር። በዚያው ዓመት በደቡብ በብላቴ ወታደራዊ ማሠልጠኛ የከተቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በካምፑ ውስጥ ለጸሎት መሰባሰባቸው ለማኅበረ ቅዱሳን መመሥረት ከሚጠቀሱት መነሻዎች አንዱ ነው። ካምፕ ውስጥ የተወለደ ኅብረት ከካምፕ ወጥቶ ሊያድግ እንደሚችል ይህ ያሳያል።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ በአንቀጽ 27 የእምነትን ነጻነት ያረጋግጣል። በሠራዊቱ ውስጥ የተለያየ እምነት ያላቸው ሰዎች ጎን ለጎን ስለሚያገለግሉ መለየቱ ተገቢ ነው። ውጤቱ ግን የክርስቲያን ሴቶች ኅብረት ከካምፑ አጥር ውጭ፣ በአጥቢያው ውስጥ እንዲቆይ ማድረጉ ነው። በከተሞቹ ያሉ ጥቂት የወንጌላውያን ምእመናን ሴቶችም በየጸሎት ቤታቸው ተመሳሳይ ኅብረት አላቸው።

እዚህ ላይ የማኅበሩ ትልቁ ክፍተት ይታያል። ጽዋ ማኅበር የተሠራው ለሚቆይ ሰው ነው፤ ተራው በዓመት ይዞራል፣ አባልነት ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የወታደር ሚስት ኑሮ ደግሞ ዝውውር ነው። ከሌላ አገር መጥታ በፍኖተ ሰላም ቤት የተከራየች ወጣት ተራዋ ከመድረሱ በፊት ባሏ ሊዛወር ይችላል። በውጭው ዓለም ይህን የመሰለ የዝውውር ችግር ለማቃለል ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ ቤቱን ለመንገደኛ ማዘጋጀት ነው። አግነስ ዌስተን በ1876 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ዴቨንፖርት ለመርከበኞች፣ ኢሊስ ሳንድስ በ1877 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ ኮርክ ለወታደሮች ማረፊያ ቤት ከፈቱ፤ ሁለቱም ቤቶች ቁጥራቸው በዝቶ ወደ ሌሎች ወደቦችና ጦር ሰፈሮች ተስፋፉ። በአሜሪካ ሠራዊት ያለው የፕሮቴስታንት ሴቶች ኅብረት ደግሞ በብዙ ጦር ሰፈሮች ጸሎት ቤት ስላለ፣ የተዛወረች ሴት በአዲሱ ቦታ የምታውቀውን ዓይነት ጉባኤ ታገኛለች።

በጎጃም እስካሁን ያለው መፍትሔ አበ ልጅነት ነው። ባይተዋሯ ሴት ልጅ ስትወልድ ከማኅበሩ አንዷ የክርስትና እናት ትሆናለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዳነቷ ያበቃል፣ «ልጄ» የሚላት ታገኛለች። ያልወለደችው ግን በር ላይ ትቀራለች፤ ይህ መስተካከል ያለበት ነገር ነው። መሣሪያው ሩቅ አይደለም። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ በቃለ ዓዋዲ ደንብ የተደራጀው የሰበካ ጉባኤ ወደ ሌላ አጥቢያ ለሚሄድ ምእመን መሸኛ ይጽፋል። የማኅበር አባልነቷ በዚያው ወረቀት ቢጠቀስና የሚቀበላት አጥቢያ ማኅበር ያለ መግቢያ ድግስ ቢያስቀምጣት ብዙ ሴቶች ከብቸኝነት ይድናሉ።

በመጨረሻ የሚነሣው በጣም የሚያመው ጉዳይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀጣጠለው ጦርነት አንድ አጥቢያ ውስጥ ያሉ እናቶች ልጆች በተለያየ ወገን ጠመንጃ ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። ማኅበሩ ለዚህ የሚያቀርበው ከድሮ የቆየ ሕጉን ነው፤ የተጣላ ሳይታረቅ ጽዋ አይቀበልም። ሙሴውና የንስሐ አባት ሁለቱን ሴቶች አቅርበው ይጠይቃሉ፤ ይቅር ለእግዚአብሔር እስኪባባሉ ድረስ ጽዋው አይነሣም። ሕጉ የሚደርሰው እስከ እናቶቹ ነው፤ ወደ ልጆቻቸው አይሻገርም፣ ጦርነቱንም አያቆምም። ሆኖም ከሁለቱ ቤቶች የአንዱ ልጅ ቢሞት ሌላዋ ለቅሶ የመድረስ ግዴታ አለባት፤ ብትቀር የምትቀጣው ቅጣት ለማንኛዋም አባል የተደነገገው ነው።